ለእታለም ዓይን ካሜራ ስማር

ሰኞ፣ ጥቅምት 1

እታለም ሆይ፣ እናታችን ባረፈችበት ዓመት ገና በልጅነትሽ የቤቱን ቁልፍ በወገብሽ የታጠቅሽ፣ ፈትለሽ ካጠራቀምሽው ላይ ለቀለሜና ለወረቀቴ ያዋልሽ፣ የአባታችን ቁጣ በእኔ ላይ ሲነሣ በመካከል ቆመሽ ስድቡን በእኔ ፈንታ የተቀበልሽ፣ የተቸገረ ጎረቤት ደጅሽን ሳይመታ አስቀድመሽ የምትደርሺለት፣ የቤታችን ክብርና የስማችን ጠባቂ የሆንሽ ታላቅ እኅቴ፤ ይህን የምጽፈው ልልክልሽ አይደለም። በዚህ ቤት አብሮኝ የሚያወጋ ሰው ስለሌለ፣ ከግድግዳ ጋር ከማወራ ካንቺ ጋር ላውራ ብዬ ነው።

ዛሬ ጧት ከቴሌ መጥሪያ መጣልኝ። ዱላዬን ይዤ ቁልቁል ወረድሁ። ልጅሽ የሺ ናት የደወለችው፣ ከብቸና።

«ጋሼ፣ የእማማ ዓይን እየሄደ ነው» አለችኝ። «ግራው ጨልሟል። ሐኪሙ ቀኙም ብዙ አይቆይም አለን።»

«እሷስ ምን አለች?»

«የመርዕድን ፊት ሳላይ አይጨልምብኝ ነው የሚሉት። ፎቶ ይላኩላቸው። በቶሎ፣ ጋሼ።»

መስመሩ ተቋረጠ። ስልኩን ይዤ ትንሽ ቆምሁ፤ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ።

አንቺ ዘንድ ያለው ፎቶግራፌ መምህርነት ተቀጥሬ ወደ ከፋ ስመደብ የተነሣሁት ነው፤ ጠጉሬ ጥቁር፣ ከረባቴም የተዋስሁት። ከዚያ ወዲህ ሸበትሁ፣ አገባሁ፣ ባለቤቴን አበበችን ቀበርሁ፣ ጡረታ ወጣሁ፤ ከዚህ ሁሉ አንቺ ያየሽው የለም። ከቦንጋ እስከ ብቸና ያለውን መንገድ ይህ ጉልበቴ አይችለውም፤ አንቺም ከቤት የምትወጪው ተደግፈሽ እንደ ሆነ አውቃለሁ።

ስለዚህ ወሰንሁ። በአንድ ጉርድ ፎቶግራፍ አልሸኝሽም። ቤቴን፣ ደጄን፣ የአበበችን መቃብር፣ ዕድሜዬን የጨረስሁበትን ጫካ ሁሉ ታያለሽ። ለዚህ ሁሉ ፎቶ አንሺ ቀጥሮ ማዞር ለጡረተኛ የማይሞከር ነው፤ እንግዲያውስ ራሴው እማራለሁ።

በዚህ ዕድሜዬ! ስትስቂ ሰማሁሽ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 3

የአቶ ታረቀኝ ፎቶ ቤት ከመናኸሪያው በላይ ነው። ለቀበሌ መታወቂያ ጉርድ የሚነሣ ሰው በሩን ሞልቶት ነበር። በምስማር ላይ አንድ ጥቁር ኮት ተሰቅሏል፤ ተራው የደረሰው ሁሉ እሱኑ ለብሶ ተነሥቶ ለሚቀጥለው ያወልቅለታል። በመታወቂያው ቢሄዱ የቀበሌያችን ሰው ሁሉ ባለ አንድ ኮት ነው።

«ጋሽ መርዕድ፣ ጉርድ ነው ሙሉ?» አለኝ አቶ ታረቀኝ።

«መነሣት ሳይሆን ማንሣት ልማር ነው የመጣሁት።»

«ኧረ ባክዎ! እንጀራዬን ሊቀሙኝ?» ብሎ ሰልፈኛውን አሳቀብኝ።

ነገሩን ሲሰማ ግን ሳቁን ዋጠ። እጄን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባኝና ፏፏቴና የአውሮፕላን መሰላል ከተሳለበት መጋረጃ ፊት በርጩማ ጎተተልኝ።

«እዚህ ይቀመጡ። አሁን ላንሣዎት። ፏፏቴውን ሲያዩ ወንድሜ ሀብታም ሆኗል ይላሉ።»

«እኅቴ ፏፏቴ አልጠየቀችም።»

«ፊትዎን ነው የጠየቁት እኮ!»

እንቢ አልሁ። በሸራ ላይ የተቀባ ውኃ ለአንቺ ለመጨረሻ ዓይን አይሆንም። ብዙ ከተከራከርን በኋላ በዚህ ተስማማን፦ እኔ በልጅነቴ በተማርሁት ቁም ጽሕፈት የሙሽሮቹን ስም በሰርግ አልበሞቹ ሽፋን ላይ እጽፍለታለሁ፤ እሱ ደግሞ መደርደሪያ ላይ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠውን የሩሲያ ካሜራ ያውሰኛል፣ ከሥራ በኋላም ያስተምረኛል። ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም።

ካሜራው ከባድ ነው። የብርሃን መለኪያው ሞቷል። ቁልፉ ሲጫኑት በር እንደ መዝጋት ይጮኻል።

ወደድሁት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 5

ያለ ገንዘብ የሚገኝ ትምህርት ይህን ያህል ሞልቶ ኖሯል፤ ካገኘሁት ልጻፍልሽ።

የተጣለ የፊልም ካርቶን። በጎኑ ላይ ፀሐይ፣ ከፊል ደመና፣ ሙሉ ደመና ተሥሎ ከየሥዕሉ ሥር የብርሃኑ ቀዳዳ ስንት ላይ ይሁን የሚል ቁጥር ተጽፏል። ቆርጬ ደረቅ ወረቀት ላይ ለጥፌ ኪሴ ከተትሁት። መለኪያው ለሞተበት ካሜራ ይህ ዓይኑ ነው። ከሥዕሎቹ በላይ ፀሐይን ከጀርባህ አድርገህ አንሣ የሚል ምክር አለ፤ አቶ ታረቀኝም «እሱን ብቻ አይርሱ» ብሎኛል።

የተበላሹ ፎቶግራፎች። አቶ ታረቀኝ አንገቱ የተቆረጠውን፣ ዓይኑ የተጨፈነውን፣ የተንቀሳቀሰውን ሁሉ በጆንያ ያጠራቅማል። «የሰው ፊት ነው፤ እሳት ውስጥ እንዴት ይጣላል?» ይላል። አንድ አንዱን እያወጣሁ ስሕተቱ ምን እንደ ሆነ እገምታለሁ፤ እሱ ያርመኛል። ዛሬ አብዛኛውን አወቅሁ። አንዲት ሙሽራ ስታነጥስ ተነሥታለች፤ እሷን ማረም አልተቻለንም።

ባዶ ካሜራ። ፊልም ሳይኖረው ማነጣጠር፣ ማጥራት፣ መጫን። ወጪ የለውም፤ የሚበላሽም የለም።

ቤቴን በካሜራው ዓይን ዞርሁበት። በሩን አነሣሁ፣ መስኮቱን አነሣሁ፣ የአበበችን ወንበር አነሣሁ። እንዲህ ባለች ጠባብ መስኮት ሲያዩት ቤት ባዶነቱ ይበዛል፤ በዓይን ሲያዩት ልማድ የሚሸፍነውን፣ ካሜራው አንድ በአንድ እየለየ «ይህ ወንበር የማን ነው? ይህስ ሲኒ ለምን ሁለት ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ይመስላል።

አስቀመጥሁት።

እሑድ፣ ጥቅምት 7

ዛሬ ጎረቤት አስቀየምሁ።

ከአጥሬ ማዶ ወይዘሮ ብርሃኔ ትኖራለች፤ የዚሁ የከፋ ሰው፣ እንደ እኔው ብቻዋን የቀረች፣ ገበያ ላይ ቆጮ የምትሸጥ፣ እሑድ እሑድ ከጸሎት ቤት ስትመለስ ድምፅዋ ከእሷ በፊት የሚደርስ ሴት ናት። ደጄ ላይ ቆሜ በባዶው ካሜራ ሳነጣጥር አየችኝ።

«መምህር! እኔንም ያንሡኛ!»

ፊልም የለውም ልል ነበር። ሮጣ ገብታ አዲስ ነጠላ ለብሳ፣ ጠጉርዋን ቅቤ ተቀብታ ወጣች። ከእንሰቷ ሥር ቆመች፤ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፤ ትንፋሽዋን ያዘች። እንዲያ ስትዘጋጅ ሳያት አፌ ተያዘ። መጫን ጫንሁ። ደግሞ ዞራ በጎንዋ ቆመች፤ ደግሞ ጫንሁ። ከልቤ እውነተኛ ትምህርት ሆኖልኝ ነበር፤ ሕያው ሰው እንደ ወንበር አይደለም፣ ይተነፍሳል።

«መቼ ይደርሳል?»

ያኔ ነገርኋት።

«ታዲያ ባዶ ጠመንጃ ነው የደገኑብኝ? እኔ እዚህ በፀሐይ ትንፋሼን ይዤ!»

«ልምምድ ነው፣ ብርሃኔ፤ ይቅርታ...»

«በበግዎ ይለማመዱ!»

«በግ የለኝም።»

«እንግዲያው ይግዙ!» በሩን ዘጋችው።

ከዚህ በፊት በአጥር ላይ ሰላምታ እንለዋወጥ ነበር። በቀን አንድ ጊዜ የምሰማው የሰው ድምፅ እሱ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9

ብርሃኔ አጥር ላይ አልመጣችም።

የመጀመሪያውን አልበም ጽፌ ወሰድሁ። የሙሽሮቹን ስም ብቻ መጻፍ ባዶ ስለ መሰለኝ፣ ጋብቻቸው እንደ ሊባኖስ ዝግባ ሥር የሰደደ፣ ልጆቻቸውም በማዕዳቸው ዙሪያ እንደ ወይራ ቡቃያ የለመለሙ ይሁኑ የሚል ምርቃት ከነሐተታው ጨምሬ ነበር።

አቶ ታረቀኝ አገላብጦ አየው። «ጋሼ፣ ስማቸውን ነው ያልሁዎት። ይህ እኮ አዋጅ ነው። ሙሽራው አንብቦ ሳይጨርስ ይፋታሉ።»

ሆኖም ጽሕፈቱን ወደደው፤ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ለሰው ያሳይ ጀመር። ደስ ብሎት ከመሳቢያው ቀኑ ያለፈበት ባለ ሠላሳ ስድስት ፊልም አወጣልኝ።

«ለሰርግ አይሆንም፣ ለእርስዎ ግን ይሆናል። እንደ እርስዎና እንደ እኔ ነው፤ ትንሽ ይደበዝዛል እንጂ ያያል።»

ካሜራው ፊልሙን እንዴት እንደሚጎርስ አሳየኝ። ስወጣ «ጀርባውን እንዳይከፍቱ!» ብሎ ከበሩ ጮኸ። እንደ ሕፃን ታቅፌው ወደ ቤቴ መጣሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 11

ከአበበች የትውልድ ሰፈር፣ ከማንኪራ ጫካ ደርሼ ተመለስሁ። ወገቤ ተቆርጧል፤ ልቤ ግን ሞልቷል።

እስከ ተወሰነ መንገድ ቡና ሊጭን የሚሄድ መኪና ወሰደኝ፤ ከዚያ የአበበች ታናሽ ወንድም ገብሬ በቅሎ ይዞ ጠበቀኝ። ገብሬ ንብ አናቢ ነው፤ ቀፎ ሲሰቅል የኖረ፣ ከእኔ ጥቂት የሚያንስ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። ካሜራውን አየው፤ በቅሎውን አስጠጋልኝ። ካሜራዬን ባነጣጠርሁበት ዛፍ ሥር ሁሉ በቅሎውን ይዞ ይቆማል።

ጫካው ውስጥ ብርሃን እንዴት ያንሳል፣ እታለም! ካርቶኑ የማያውቀው ጨለማ ነው። የካርቶኑ ፀሐይ የሌላ አገር ፀሐይ ናት፤ ከእነዚህ ዛፎች ሥር ገብታ አታውቅም። ከሙሉ ደመና ቁጥር አልፌ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ከፈትሁ፣ ከግንድ ተደግፌ ትንፋሼን ያዝሁ፤ ብርሃኔ እንዴት ትንፋሽዋን እንደ ያዘች ትዝ አለኝ። ቀይ የቡና ፍሬ፣ ግንድ ላይ የተንጠለጠለ ቀፎ፣ ሐረግ፣ ኮረሪማ፣ አበበች ሙሽራ ሆና የወጣችበት የአባቷ ደጅ፣ ሁሉን አነሣሁ።

«ጋሼ፣ ዛፍ ምን ያደርግላቸዋል?» አለ ገብሬ በመጨረሻ። «ብቸና ዛፍ የለም?»

«እንዲህ ያለ የለም።»

ጥቂት ሄድንና ደግሞ፣ «እርስዎስ የቱ ጋ ነዎት?»

«እኔማ አንሺው ነኝ።»

«እ» አለና በቅሎውን ሳበ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ገባን። የአበበች መቃብር ከዛፎቹ ወጣ ባለ ገላጣ ላይ ነው፤ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። እንደ ተመከርሁት ጀርባዬን ለፀሐይ ሰጥቼ ቆምሁ። ጥላዬ ከፊቴ ረዝሞ ወጣና ድንጋዩ ላይ ተኛ። ለማንሣት ስጎነበስ እሱም ተጎነበሰ። ገብሬ ራቅ ብሎ ቆቡን አውልቆ ነበር።

አበበች ካረፈች ወዲህ እንደዚያች ሰዓት ከእሷ አጠገብ የሆንሁበት ጊዜ የለም። ለምን እንደ ሆነ እንጃ። ምናልባት አንድን ነገር ለሌላ ሰው ለማሳየት ብሎ የሚያይ ሰው ለራሱም አጥርቶ ስለሚያይ ይሆናል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 12

ዝናብ። የጥቅምት ዝናብ ነውና ይልቃል ሲሉት ባሰበት።

የካሜራው የቆዳ ማኅደር በአንድ ሌሊት ነጭ ሻጋታ አወጣ! በዚህ አገር እርጥበት የሚነካው ቆዳ ብቻ አይደለም፣ ጨው ያለቅሳል፣ ጫማ ያብባል። ደነገጥሁ፤ ሻጋታው ወደ ሌንሱ፣ ከሌንሱ ወደ ፊልሙ ቢዘልቅስ?

መድኃኒቱን ግን ይህ አገር ራሱ አስተምሮኛል። አበበች የዘር በቆሎዋንና የማር ቅሏን ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ ታስቀምጥ ነበር፤ መጻሕፍቴንም እስከ ዛሬ ከሻጋታ ያዳንኋቸው ከዚያው፣ ጭሱ እየነካቸው ሙቀቱ እያደረቃቸው ነው። ብርሃኔም፣ ገብሬም፣ ማንም ሰው እርጥበት የሚጎዳውን ነገር የሚያስቀምጠው እዚያው ነው። ካሜራውን ከነፊልሙ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ከመጻሕፍቴ አጠገብ ሰቀልሁት፤ እንጨትም ጨመርሁበት።

ትንሽ ድል ናት፤ ግን ድል ናት። አቶ ታረቀኝ ያላስተማረኝን በራሴ አገኘሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 15

ዝናቡ አላባራም። እሳቱን አላጠፋሁም። በየማለዳው ካሜራውን ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ ደረቅ ነው፣ ለብ ያለ ነው፣ እንደ ተቀመጠ ነው።

ሰው ሳላናግር ዋልሁ። ትናንትም እንዲሁ። ቃሌ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ያህል ዳዊት ጮክ ብዬ ደገምሁ።

ለማን ብዬ ነው ይህን ሁሉ የምደክመው? ላንቺ ብዬ። እውነቱን ግን ላንቺ ካልነገርሁ ለማን እነግራለሁ፦ ያንን ሁሉ ዘመን ከአገሬ ወጥቼ የኖርሁት ኑሮ ባዶ አለመሆኑን እንድታይልኝ ነው። ቤት ነበረኝ፣ ወዳጅ ነበረኝ፣ የምወዳት ሚስት ነበረችኝ፣ ከመስኮቴ ማዶ ይህ ሁሉ አረንጓዴ ነበረ። ካንቺ በቀር ይህን አይቶ «ደህና ኖረሃል» ብሎ የሚያጸድቅልኝ የበላይ የለኝም፤ አንቺ ሳታዪው ከቀረሽ ማን ያየዋል?

የሺ ደወለች። ቀኙ ዓይንሽ አሁን የሚያየው ጧት ጧት ብቻ፣ ያውም ደጃፍ ላይ ፀሐይ ውስጥ ስትቀመጪ መሆኑን ነገረችኝ። «ላኩት ጋሼ?» አለችኝ። «እየመጣ ነው» አልኋት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 17

ፀሐይ ወጣች! ካሜራውን ከቆጡ አወረድሁት። ሻጋታ የለም።

የቀረችውን ፊልም በግቢዬ ጨረስሁ፦ በሩ። የአበበች ወንበር ከነሲኒዋ። መጽሐፍ ያለበት ቆጥ። የቡና ዛፏ። ከአጥሩ በላይ የሚታየው ጉም።

አንዲት ስትቀረኝ ወደ አጥሩ ሄድሁ።

«ብርሃኔ፣ አንድ ጊዜ ውጪልኝ።»

«ዛሬ ጥይት አለው?»

«አለው። በእግዚአብሔር ስም።»

ለመልበስ አልገባችም፤ አላመነችኝማ። እጇ ቆጮ እንደ ነካ፣ መቀነቷን እንደ ታጠቀች፣ ከአጥሩ በላይ አንገቷን አውጥታ በጥርጣሬ አየችኝ። አነሣኋት። ፊልሙ አለቀ፤ መጠምጠሚያው እንቢ ሲል እጄ ላይ ተሰማኝ።

አቶ ታረቀኝ ፊልሙን ከሰርግ ፊልሞቹ ጋር በአንድ ኤንቬሎፕ ከትቶ ለጅማ አውቶቡስ ሾፌር ሰጠው። በእኛ ከተማ የቀለም ፊልም የሚያጥብ የለም። አውቶቡሱ ኩርባውን እስኪዞር ቆሜ አየሁት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 24

ቀቀልሁት።

ልጻፈው እንዲወጣልኝ። ፎቶ ቤቱ ስገባ አቶ ታረቀኝ የማይስቀውን ሳቅ ሊስቅ እየሞከረ ነበር። ፎቶግራፎቹን ባንኮኒው ላይ ዘረጋቸው። ቀይ። ከቀይም ወደ ቡና ዓይነት የሚሄድ፣ ጉም የለበሰ ቀይ። ጫካው የለም፣ ቀፎው የለም፣ የቡናው ፍሬ የለም። ወንበሩ ከጀርባው ብርሃን የበራበት ጥላ ይመስላል።

«ጋሼ፣ ቀኑ ያለፈበት ፊልም እንዲህ አይሆንም። የት ነው ያስቀመጡት?»

ነገርሁት።

«ከምድጃ በላይ?» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ከበቆሎው ጋር?»

«ከመጻሕፍቴ ጋር።»

ከመሳቢያው አዲስ ካርቶን አውጥቶ አገላበጠው። ፀሐይና ደመናው ካለበት ጎን በስተጀርባ ቴርሞሜትር ተሥሎ ከሙቀት አርቁት የሚል ማስጠንቀቂያ ነበረበት። እኔ ከእኔው ካርቶን ላይ ያንን ጎን ደረቅ ወረቀቱ ላይ ለጥፌው ነበር። ሙጫውን ደግሞ በደንብ ነበር የቀባሁት።

የታየው አንድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የአበበች መቃብር። ገላጣው ላይ ፀሐይ ስለ በዛ፣ በቀዩ ጉም መካከል ድንጋዩ ይለያል፤ በድንጋዩም ላይ ረጅም፣ ጥቁር፣ የተጎነበሰ ነገር ተኝቷል።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ አቶ ታረቀኝ።

«እኔ ነኝ።»

ምንም ቀልድ አላመጣም፤ ያ ነው ይበልጥ ያሳዘነኝ።

«እሳቸው የጠየቁት ፊትዎን ነበር እኮ» አለ በመጨረሻ።

ያን ሁሉ አንቺ አልጠየቅሽኝም። ዛፍ አላልሽም፣ ቤት አላልሽም፣ መቃብር አላልሽም። ፊትህን ነው ያልሽው። ሠላሳ ስድስት ጊዜ ከካሜራው ኋላ ቆሜ አንድም ጊዜ ከፊቱ አልቆምሁም። ገብሬ በጫካው መካከል ጠይቆኝ ነበር፤ አንሺው ነኝ ብዬ ኮራሁበት። ደጄ ላይ ቆሞ እኔን የሚያነሣ ሰው እንደሌለኝ ከመናገር፣ አንሺ ነኝ ማለት ቀሎኝ ነበር።

የሺን «እየመጣ ነው» ካልኋት ወዲህ የጧት ፀሐይ ስንት ጊዜ ወጣች!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 25

አቶ ታረቀኝ በማለዳ ራሱ ቤቴ መጣ። የራሱን ካሜራ ይዞ፣ ውስጡ የሰርግ ፊልም እንዳለ። «ሦስት ቀርተውታል። ለሙሽሮቹ አይጠቅሙም። ላንሣዎትና ልሂድ» አለኝ።

ያኔ ከአጥሩ ማዶ ድምፅ መጣ። «የእኔስ ፎቶ?»

የብርሃኔም ፎቶ ተቀቅሏል። ወጥቼ ነገርኋት፤ ቆጡን፣ ቀዩን ጉም፣ የአንቺን ዓይን ሁሉ ነገርኋት። እስከ ዛሬ ስለ አንቺ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ጎረቤቴ ሆና እኅት እንዳለኝ አታውቅም።

«ከምድጃ በላይ!» አለች። ከዚያ አጥሩን ዞራ መጣች፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «አምጣው ያን ነገር። እኔ ነኝ የማነሣቸው።»

አቶ ታረቀኝ ሊከራከር ፈለገ። «እትዬ፣ ሦስት ብቻ ነው ያለው!»

«እኔን ሁለት ጊዜ በባዶ፣ አንድ ጊዜ በእሳት አንሥተውኛል። ሦስት ይገባኛል።»

አስተማርናት። እዚህ ታዪበታለሽ፣ እዚህ ታጠሪያለሽ፣ እዚህ ትጫኚያለሽ። ጀርባዋን ለፀሐይ ልትሰጥ ስትል አይሆንም አልሁ፤ ጥላዋ እንዳያርፍብኝ ወደ ጎን አስቆምኋት። ይህን እንኳ ተምሬያለሁ።

ደጄ ላይ ቆምሁ። ከረባቴን አስተካከልሁ፤ አገጬን አነሣሁ፤ እንደ ድሮው ፎቶግራፌ ሆንሁ። ጫነች።

«ጣትሽ!» አለ አቶ ታረቀኝ። «ሌንሱ ላይ ነበር ጣትሽ!»

ሁለተኛውን ስትጫን እሱ ስለ ጮኸባት ደንግጣ ወደ ሰማይ ተኮሰች።

ካሜራውን ከዓይኗ አውርዳ አየችኝ። «መምህር፣ ምን ሆነዋል? ለቀበሌ ነው እንዴ የሚነሡት? ኮቱ ብቻ ነው የቀረዎት!»

«ዝም ብለሽ አንሺ።»

«ትንፋሽዎን ይያዙ» አለች። «እኔም ይዤልዎት ነበር። በባዶ!»

ሳቄ አመለጠኝ። አበበች ካረፈች ወዲህ እንዲያ መሳቄን አላስታውስም፤ አገጬም ወረደ፣ ከረባቴም ተጣመመ፣ የጎደሉት ጥርሶቼም ታዩ፤ በዚያው ቅጽበት የካሜራው ቁልፍ ጠቅ አለ።

ፊልሙ አለቀ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 2

ከጅማ መጣ። አንደኛው ላይ የብርሃኔ ጣት፣ ሁለተኛው ላይ ሰማይና የቆርቆሮዬ ጫፍ ነው።

ሦስተኛው ግን ጥርት ብሏል። ጥቂት አጋድሏል። በሬ ከጀርባዬ ይታያል፤ ከዚያ በቀር ቤቱም፣ ጫካውም፣ ምንም የለበትም። አንድ ጠጉሩ የነጣ ሽማግሌ አፉን ከፍቶ ይስቃል። አላወቅሁትም ነበር፤ ከዚያ አባታችንን መሰለኝ፣ ደስ ያለው ቀን።

ብርሃኔ አየችውና «አላማረብዎትም፤ ግን እርስዎ ነዎት» አለችኝ። የእሷን ደግሞ በሚመጣው ፊልም አነሣታለሁ፣ በአዲሱ ነጠላዋ፤ አቶ ታረቀኝ ሌላ አልበም ሰጥቶኛል፣ ስም ብቻ እንድጽፍበት።

ፎቶግራፉን ነገ በፖስታ እልከዋለሁ። ቀኙ ዓይንሽ እስኪደርስ ይጠብቀው አይጠብቀው አላውቅም። ከጀርባው ላይ የምጽፍልሽን ምስጋናና ምርቃት ሳሰላስል ዋልሁ፤ ቦታው ግን ጠባብ ነው፣ ለየሺም ጮክ ብላ ለማንበብ አጭር ይሻላታል። ስለዚህ ይህን ብቻ ጻፍሁ፦

«እታለም፣ ይህን ጧት ደጃፍ ላይ ፀሐይ ውስጥ ተቀምጠሽ በቀኝ ዓይንሽ እዪው። ከዚያ በስልክ አስጠሪኝና አየሁህ ወይም አላየሁህም በዪኝ። መርዕድ።»